ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሙዚቃ ሜዳ በጎ ፈቃደኞች ታሪክ

ነሐሴ 9 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ቤተል በምትባል የገጠር ቀበሌ አንድ የሙዚቃ ድግስ ተጀመረ። ቦታው ማክስ ያስገር የተባለ የወተት ላም አርቢ ያከራየው 600 ኤከር ገደማ መሬት ነው፤ የድግሱ ስም ዉድስቶክ ነው። አዘጋጆቹ ለአካባቢው ባለሥልጣናት 50,000 ያህል ሰው ይመጣል ብለው ነበር። አስቀድሞ የተሸጠው ቲኬት ብቻ 186,000 ደረሰ፤ ሜዳውን የሞላው ሕዝብ ደግሞ ከ400,000 በላይ እንደሆነ ይገመታል። አጥሩ ተጥሶ መግቢያው በነጻ ሆነ። መንገዱ በቆሙ መኪኖች ተዘጋ፣ ዝናብ ሜዳውን ጭቃ አደረገው፣ ምግብና ውሃ አጠረ፣ አውራጃው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ይህ ሁሉ ለጠብና ለመረጋገጥ የተመቸ ነበር። ሆኖም ሰኞ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር የቡሄ ዋዜማ፣ ሕዝቡ ሲበተን በሰው እጅ የተገደለ አንድም ሰው አልነበረም። ስለ ዉድስቶክ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ መድረክ ላይ ስለወጡት ነው። ከመድረኩ በስተጀርባ በድንኳንና በወጥ ቤት ውስጥ ስለዋሉት የሚነገረው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከእነርሱ ይነሣል፦ ያ ሕዝብ በሰላም የተበተነው ጠባቂ ስላልነበረው አይደለም፤ ጠባቂውና አስታማሚው አንድ ስለሆኑለት ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከሃምሳ በላይ ዓመታት የሙዚቃ ሜዳዎች ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ጥበቃና ሕክምና በአንድ እጅ ሲያዙ ሕዝብ ይተርፋል፤ ሲለያዩ ይጎዳል።

የነገሩን አዲስነት ለማየት ቀድሞ የነበረውን ማስታወስ ይገባል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሐምሌ 1960 በሮድ አይላንድ ግዛት ኒውፖርት ከተማ በተካሄደው የጃዝ ድግስ፣ ቦታ ሞልቶባቸው ውጭ የቀሩ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ ጠጥተው፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ መወርወር ጀመሩ። ፖሊስ በአስለቃሽ ጋዝና በውሃ መለሳቸው፣ የግዛቱ ብሔራዊ ዘብ ተጠራ፣ የከተማው ምክር ቤትም ድግሱ ከቀኑ ቀድሞ እንዲዘጋ ወሰነ። ዉድስቶክ ሊጀመር ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በሰኔ 1969 መጨረሻ፣ በዴንቨር ከተማ ስታዲየም በተደረገው የሦስት ቀን ድግስም ያው ተደገመ። ሳይከፍሉ ለመግባት በሩን የገፉ ወጣቶች ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ተኮሰ፤ ነፋሱ ጋዙን ወደ ውስጥ ይዞት ገብቶ ከፍለው በተቀመጡት ላይ አፈሰሰው። በመጨረሻ ግፊያውን ያበረደው በሩ በነጻ እንዲከፈት መደረጉ ነው። በሁለቱም ቦታ የጥበቃው እሳቤ አንድ ነበር፦ ሕዝብ ከአጥር ውጭ ሊታገድ የሚገባው ኃይል ነው። ሕክምናው ደግሞ ለብቻው የቆመ ሥራ ነበር። በእንግሊዝ የቅዱስ ዮሐንስ አምቡላንስ የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከ1887 ጀምሮ በሕዝብ ስብሰባዎች ላይ ቃሬዛና ፋሻ ይዞ ሲቆም ኖሯል፤ ቀይ መስቀልም እንዲሁ። ይህ የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪው ተራ የሚደርሰው ጠባቂው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነበር፤ አንዱ በጋዝ ያስለቅሳል፣ ሌላው ዓይን ያጥባል።

የዉድስቶክ አዘጋጆችም መጀመሪያ ያሰቡት ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። የጸጥታው ኃላፊ ዌስ ፖሜሮይ ዕድሜውን በሕግ ማስከበር ያሳለፈና በፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ የሠራ ሰው ነበር። ዕቅዱ በዕረፍት ቀናቸው የሚሠሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኒውዮርክ ከተማ ፖሊሶችን ያለ መሣሪያና ያለ መለዮ ማሰማራት ነበር። ድግሱ ሊጀመር ሲል ግን የከተማው ፖሊስ አዛዥ ፈቃዱን ከለከለ፤ ጥቂቶች ብቻ ስማቸውን ቀይረው ከፍ ባለ ክፍያ መጡ። ክፍተቱን የሸፈነው ለሌላ ሥራ የተጠራ ቡድን ነው። ሆግ ፋርም ይባላል፤ የዐሳማ እርባታ ማለት ነው። አባላቱ በካሊፎርኒያ የአንድ ገበሬ ዐሳማዎችን እየጠበቁ በምትኩ መሬቱ ላይ በማኅበር ይኖሩ ስለነበር ስሙ ቀረላቸው። ሰማንያ ያህል ሆነው ከኒው ሜክሲኮ በአውሮፕላን የመጡት የእግር መንገድ ሊጠርጉ፣ የእሳት ማንደጃ ሊቆፍሩና ነጻ ወጥ ቤት ሊከፍቱ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጋዜጠኞች ጸጥታ አስከባሪዎቹ እናንተ ናችሁ ሲሏቸው፣ የቡድኑ ቃል አቀባይ ሂዩ ሮምኒ መሣሪያችን የክሬም ኬክና የጋዝ ውሃ ነው ብሎ መለሰ። ለራሳቸው ያወጡት ስም ደግሞ «ፖሊስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በሚመስለው «ፕሊስ» የተካ ነው፤ የእባክህ ኃይል እንደማለት። ክንፍ ያለው ዐሳማ የታተመበት የክንድ ጨርቅ አሠርተው ለራሳቸው ብቻ አላሰሩትም፤ ከሕዝቡ መካከል ሰው ሲረዳ ያዩትን ሁሉ እየጠሩ ያስሩለት ነበር። ቀልድ የሚመስለው የዚህ አሠራር ቁም ነገር ትልቅ ነው፦ የጠባቂው ቁጥር በሕዝቡ መጠን ማደግ የሚችለው ጠባቂው ከሕዝቡ ሲወጣ ብቻ ነው።

የዚህ ዐይነቱ ጥበቃ ምን እንደሚመስል በቅርብ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው በዕፅ ለተጨነቁ ሰዎች የተተከለው ድንኳን ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ወጣቶች ኤልኤስዲ የተባለውን ቅዠት የሚያመጣ ዕፅ ይወስዱ ነበር። ዕፁ የከፋባቸው ሰዎች ሞት እንደቀረበባቸው ያምናሉ፣ ይጮኻሉ፣ ያገኙትን ይገፋሉ፣ ልብሳቸውን ይጥላሉ። ለተለመደው ጠባቂ እንዲህ ያለው ሰው በጥባጭ ነው፣ ይያዛል። በሕክምናውም በኩል የተለመደው መልስ ቶራዚን የሚባለውን ኃይለኛ የአእምሮ መድኃኒት ወግቶ ማስተኛት ነበር። የሆግ ፋርም ሰዎች ሌላ መንገድ ያዙ። የተጨነቀውን ሰው ጸጥ ወዳለ ድንኳን ያስገቡታል፣ ያስቀምጡታል፣ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ይይዘዋል። ስምህ ማን ነው ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሲመልስ ስሙን ደጋግሞ ይጠራዋል። ዕፅ ወስደሃል፣ ይህ ስሜት ያልፋል እያለ በቀስታ ይነግረዋል። አይጣደፍም፣ አይገሥጽም። ሰዓታት አልፈው ሰውየው ወደ ራሱ ሲመለስ ሂድ አይባልም። በበሩ በኩል ዓይኑ ፈጦ እየተንቀጠቀጠ የሚገባውን ቀጣዩን ሰው ያሳዩታል፤ ከጥቂት ሰዓት በፊት አንተ እንዲህ ነበርክ፣ አሁን ሐኪሙ አንተ ነህ ይሉታል። በዚህ ሰንሰለት ታማሚው አስታማሚ እየሆነ ድንኳኑ በራሱ ሰው ይሠራ ነበር። የኋላው መዝገብ እንደሚያሳየው በሦስቱ ቀናት 5,162 የሕክምና ጉዳዮች ሲመዘገቡ ከዕፅ ጋር የተያያዙት 797 ነበሩ። ሌላው በብዛት በባዶ እግር ሲሄዱ በጠርሙስና በብረት የተቆረጠ እግርን የመሰለ ቀላል ጉዳት ነው።

ዘዴው የሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዕፅ የወሰደ ሰው ከሕመሙ ይልቅ እስራትን የሚፈራ ከሆነ ይደበቃል፤ ጓደኞቹም ይደብቁታል። ትንፋሹ እያጠረ እንኳ መኪና ውስጥ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ይቆያል። የመታከሚያው ድንኳን የመታሰሪያ ደጅ አለመሆኑ ሲታወቅ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ተሸካክመው ይመጣሉ። ስለዚህ አለመክሰስ ለጥፋተኛ ማዘን ብቻ አልነበረም፤ መረጃ የሚገኝበት መንገድም ነበር። ወጥ ቤቱም እንዲሁ የጥበቃ ሥራ ይሠራ ነበር። ሆግ ፋርም ቂንጬ፣ አጃ፣ ማርና አትክልት ገዝቶ፣ በትልልቅ ዕቃ እያበሰለና እያቀላቀለ፣ በወረቀት ሳህን ለሺዎች አደለ። እሑድ ጠዋት ሮምኒ መድረክ ላይ ወጥቶ ለመላው ሕዝብ ቁርስ መቅረቡን አበሰረ። በአቅራቢያዋ ሞንቲቼሎ ከተማ ያሉ ሴቶችም ሳንድዊች ሠርተው ላኩ። የራበውና የተጠማው ሰው በቀላሉ እንደሚቆጣ የሚያውቅ ሁሉ፣ አንድ ሳህን ቂንጬ ከአንድ ዱላ የበለጠ ጸጥታ እንደሚያስከብር ለማመን አይቸገርም። የመድረኩ የድምፅ ማጉያም ለሙዚቃ ብቻ አልዋለም፦ ቺፕ መንክ የተባለው የመድረክ ኃላፊ ማማ ላይ የወጡት እንዲወርዱ፣ የጠፋ ሰው የት እንዳለ፣ በሜዳው ከሚዞረው ዕፅ መጥፎው የትኛው እንደሆነ በእርጋታ ይናገር ነበር። የአገራችን ሰው ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ይህንን ነው፤ ሰው በሙሉ ነዶ ከማጥፋት ፍሙን በቅጠል መምታት።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። ዉድስቶክን ያዳኑት በጎ ፈቃደኞች ሳይሆኑ ዕድል፣ ሐኪሞችና የጦር ሠራዊቱ ሄሊኮፕተሮች ናቸው የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። የሕክምናው ኃላፊ ዊልያም አብሩዚ ሙያውን የተማረ ሐኪም ነበር። ከኒውዮርክ ከተማ ተጨማሪ ሐኪሞችና ነርሶች በአየር ተጓጉዘዋል፤ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች በተደረገው የጥቁሮች የመብት ትግል ጊዜ፣ በ1964፣ የተመሠረተው የሐኪሞች የሰብአዊ መብት ኮሚቴም ሰው ልኳል። የሠራዊቱ ሄሊኮፕተሮች መድኃኒት አምጥተው በጽኑ የታመሙትን ወስደዋል። ሞትም ነበረ፦ በመኝታ ከረጢት ውስጥ ተኝቶ የነበረ የ17 ዓመት ወጣት በትራክተር ተድጦ ሞቷል፤ በዕፅ የሞተም አለ። ሆግ ፋርምም ከሰማይ የወረደ ምጽዋት አልነበረም፤ አውሮፕላኑንና እህሉን የከፈሉት አዘጋጆቹ ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ክርክሩን አያፈርሰውም፣ መልኩን ያስተካክለዋል እንጂ። ሐኪሙ በጽኑ የታመመውን ሰው ለማዳን ጊዜ ያገኘው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተጨነቁ ሰዎችን ሌላው ስለያዘለት ነው። የግዛቱ ገዥ ኔልሰን ሮክፌለር 10,000 ብሔራዊ ዘብ ለመላክ አስበው አዘጋጆቹ በስልክ ባያስቆሟቸው ኖሮ፣ ጭቃ ውስጥ የተቀመጠው ረኃብተኛ ሕዝብ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ሲገባ ምን ይሆን እንደነበር ከኒውፖርትና ከዴንቨር መገመት ይቻላል። ሄሊኮፕተሩም ቢሆን የመጣው መድኃኒት ይዞ ነው። በዚያ ሜዳ መንግሥት ራሱ የበጎ ፈቃደኞቹን መንገድ ተከተለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ ስሙም አልታሞንት ይባላል። ዉድስቶክ ባለፈ በአራተኛው ወር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1969፣ ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት ሙዚቀኞች በሰሜን ካሊፎርኒያ በሚገኝ አልታሞንት በተባለ የመኪና ውድድር ሜዳ ላይ ነጻ ኮንሰርት አዘጋጁ። 300,000 ያህል ሰው መጣ። ቦታው የተቀየረው በመጨረሻው ሰዓት፣ ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ ነበር፤ መድረኩ ከመሬት ከአንድ ሜትር ብዙ አይበልጥም፣ ከሕዝቡ የሚለየው አጥርም አልነበረም። መድረኩን ይጠብቁ ዘንድ የተጠሩት ሄልስ ኤንጀልስ የተባለው የሞተር ሳይክል ክለብ አባላት ናቸው። የ500 ዶላር ቢራ ተሰጥቷቸዋል ይባላል፤ ውሉ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የሆነው ግን አያከራክርም። ከመድረኩ ፊት የተገፋውን ሰው በቢሊያርድ ዱላ ደበደቡ፤ የጄፈርሰን ኤርፕሌን ባንድ ድምፃዊ ማርቲ ባሊን ጣልቃ ቢገባ ራሱን እስኪስት መቱት። ሽጉጥ ያወጣ ሜሬዲዝ ሃንተር የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት በክለቡ አባል በጩቤ ተወግቶ ሞተ፤ ወጊው ራሱን ለመከላከል ነው ተብሎ በፍርድ ቤት ነጻ ተለቀቀ። ሁለት ሰዎች ድንገት በመጣባቸው መኪና፣ አንዱ በመስኖ ቦይ ውስጥ ሰጥሞ ሞቱ። ታዲያ እነዚህም ፖሊስ አልነበሩም፣ ደመወዝተኛም አልነበሩም፣ ከወጣቱ ባህል የወጡ ነበሩ፤ በጎ ፈቃደኛን ማመን ወዴት እንደሚያደርስ ይህ አያሳይምን ይባላል።

የሚያሳየው ሌላ ነው። ዉድስቶክንና አልታሞንትን የለየው ደመወዝ ወይም መለዮ አይደለም፤ ጠባቂው ምን እንዲጠብቅ መታዘዙ ነው። የአልታሞንት ጠባቂዎች መድረኩንና የቆሙ ሞተር ሳይክሎቻቸውን ከሕዝቡ ይጠብቁ ነበር፤ የዉድስቶኮቹ ሕዝቡን ከራሱ ድካም፣ ረኃብና ድንጋጤ ይጠብቁ ነበር። የአንዱ እጅ ዱላ ይዟል፣ የሌላው ሳህን። ከዚህም ሌላ የዝግጅት ልዩነት አለ። ሆግ ፋርም ሜዳው ላይ ቀድሞ ደርሶ መንገድ ጠርጓል፣ ወጥ ቤት ሠርቷል፣ ከሐኪሞቹ ጋር አሠራሩን ተስማምቷል፤ ለዓመታት በማኅበር ኖሮም እርስ በርሱ ይተዋወቃል። በአልታሞንት በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች ነበሩ፤ ነገር ግን ከመድረኩ ጠባቂዎች ጋር የሚያገናኛቸው ምንም ሥርዓት አልነበረም። ጠባቂው ይመታል፣ ሐኪሙ ይሰፋል፤ የኒውፖርትና የዴንቨር መለያየት ያለ መለዮ ተደገመ። ስለዚህ አልታሞንት የበጎ ፈቃደኝነትን ሐሳብ አላፈረሰም፤ መልካም ፈቃድ ብቻውን ሥርዓት እንደማይሆን አሳየ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄው ማንን እንጥራ ከሚለው ወደ እንዴት እናደራጅ ወደሚለው ዞረ።

መልሱ የተገኘው ከአልታሞንት ብዙ በማይርቀው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ዶክተር ዴቪድ ስሚዝ በሰኔ 1967 ሄይት አሽበሪ በተባለው ሰፈር ነጻ ክሊኒክ ከፍቶ ነበር። የክሊኒኩ መርሕ ሕክምና መብት እንጂ ልዩ ጥቅም አይደለም የሚል ነው። በ1973 የኮንሰርት አዘጋጁ ቢል ግራሃም በኬዛር ስታዲየም የግሬትፉል ዴድንና የሌድ ዜፕሊንን ኮንሰርቶች ሲያሰናዳ ክሊኒኩ ድንኳን እንዲተክልለት ጠየቀ። ሮክ ሜዲስን የተባለው አገልግሎት የተወለደው ከዚያ ነው። የዉድስቶክ ልምድ እዚህ ላይ ሥርዓት ያዘ። በድንኳኑ ውስጥ ተጠያቂው ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም ነርስ ነው። በዙሪያው ግን ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና የሙዚቃው አፍቃሪዎች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ሰው የማረጋጋትን ዘዴ ተምረዋል፣ መቼ ሐኪም መጥራት እንዳለባቸውም ያውቃሉ። የታካሚው ጉዳይ በምሥጢር ይያዛል፣ አይፈረድበትም። የቻለ ሰው ብርድ ልብስ ለብሶ አርፎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል፤ ያልቻለው ብቻ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ለከተማው ሆስፒታል ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በአንድ ሌሊት በአሥሮች የሚቆጠር ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ከመጉረፍ ይተርፋል። አዘጋጁም ቢሆን የሚያገኘው ጥቅም አለ። ከዕፅ ድንጋጤ የተነሣ የሚጣላ ሰው ከጠባቂ እጅ ወደ አስታማሚ እጅ ሲገባ ጠቡ ከሥሩ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ በየአገሩ የየአገሩን መልክ ያዘ። በኦሪገን ግዛት ዩጂን ከተማ በ1970 ገደማ የተመሠረተው ዋይት በርድ ክሊኒክ በኦሪገን ካንትሪ ፌርና በኮንሰርቶች ላይ ድንኳን ሲተክል ኖረ። ከሜዳው የተማረውን በ1989 ወደ ከተማው አመጣው፤ መሣሪያ ያልያዙ አንድ የሕክምና ባለሙያና አንድ አማካሪ በመኪና እየዞሩ በአእምሮ ጭንቀት ወይም በስካር የወደቁ ሰዎች ዘንድ ከፖሊስ ይልቅ የሚደርሱበትን ካሁትስ የተባለ አገልግሎት ጀመረ። ለሙዚቃ ሜዳ የተፈጠረ ዘዴ የከተማ መንግሥት የሚከፍልበት ሥራ ሆነ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቶም በ2025 በዩጂን የቆመው ገንዘብ አጥሮት ነው። በእንግሊዝ በ1970 ማይክል ኢቪስ በወተት እርሻው ላይ የጀመረው፣ መግቢያው አንድ ፓውንድና ነጻ ወተት የነበረው የግላስተንበሪ ድግስ አድጎ ከተማ ሲያክል፣ ሕክምናውን የያዘው በ1979 ሥራ የጀመረ የበጎ ፈቃደኛ ሐኪሞችና ነርሶች ድርጅት ነው። በሮችንና ሜዳዎቹን ደግሞ ከ1993 ጀምሮ የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም የሚያሰማራቸው አስተናባሪዎች ይጠብቃሉ። በዴንማርክ ከ1971 ጀምሮ የሚካሄደው የሮስኪልድ ድግስ ከዚህም አልፏል፤ ድግሱ ራሱ የበጎ አድራጎት ማኅበር ንብረት ነው፣ 30,000 ያህል በጎ ፈቃደኞች ያካሂዱታል፣ ትርፉም ለበጎ አድራጎት ይሰጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚሁ ከሮስኪልድ ነው። ሰኔ 30 ቀን 2000፣ ዝናባማ ምሽት ላይ፣ ፐርል ጃም የተባለው ባንድ ሲጫወት ከመድረኩ ፊት የቆመው ሕዝብ ተገፋፍቶ ወደቀ፤ ዘጠኝ ወጣቶች ታፍነው ሞቱ። ይህ የሆነው ልምድ ባለው፣ በተደራጀና በሚተማመን ሜዳ ላይ ነው። ማንም አልደበደበም፣ ማንም አልተጣላም። ይህ ለክርክሬ ከአልታሞንት የበለጠ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም ደግነትና ሥርዓት ሁለቱም ነበሩ። እውነቱ የሚከተለው ነው፦ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአቅም በላይ ሰው ሲታጨቅ ሕዝብ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ማዕበልም ያነሣል። ማዕበልን በጎ ፈቃድ አያቆመውም፤ የሚያቆመው የሜዳው አሠራርና ሙዚቃውን በቶሎ ማስቆም ነው። በዚያ ምሽት ከፊት የነበሩት ያዩት አደጋ ኮንሰርቱን ለማስቆም ሥልጣን ወዳለው ሰው እስኪደርስ ደቂቃዎች አለፉ። ከዚያ በኋላ ሮስኪልድ የመድረኩን ፊት በብረት አጥር ከፋፍሎ በየክፍሉ የሚገባውን ሰው መጠነ፤ በሰው ትከሻ ላይ መንሳፈፍን ከለከለ። የተማርነውም ይህ ነው፦ የአስታማሚው ዓይን ሥልጣን ከሌለው ዕውር ነው። ሰው ሲታፈን የሚያየው፣ ከአጥሩ ሥር ውሃ የሚያድለው ልጅ ነው፤ እርሱ እጁን ሲያነሣ መድረኩ ዝም የሚልበት መስመር ካልተዘረጋ፣ ጥበቃና ሕክምና በስም ቢዋሐዱም በተግባር ተለያይተዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው፤ አዘጋጆች በሚሊዮን እያተረፉ ለጥበቃና ለሕክምና ነጻ ጉልበት መጠቀማቸው የሠራተኛን እንጀራ መንጠቅ ነው የሚል። ይህ ተቃውሞ ትክክል የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ትርፉን አንድ ሰው ኪሱ እየከተተ አደጋውን ሌላው በነጻ እንዲሸከም ማድረግ በጎ ፈቃደኝነት አይባልም። ታሪኩ ያነሣቸው ጥሩ ምሳሌዎች ግን ነገሩን የፈቱት በተለየ መንገድ ነው። በግላስተንበሪ ለአስተናባሪዎቹ ሥራ ድግሱ የሚከፍለው ገንዘብ ወደ ኦክስፋም የእርዳታ ሥራ ይሄዳል፤ አስተናባሪው የጉልበቱን ዋጋ ለሌላ ችግረኛ ሰጠ ማለት ነው። የሮስኪልድ ትርፍ የማንም ኪስ አይገባም። ሕጉም ድንበር አለው። እንግሊዝ በ2001 ባወጣችው የግል ጥበቃ ሕግ መሠረት ሰውን የማስወጣትና የመያዝ ሥራ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ብቻ ይሠራል፤ አስተናባሪው መንገድ ያሳያል፣ ሕዝቡን ያያል፣ እርዳታ ይጠራል። ይህ ክፍፍል ትክክለኛ ነው። በጎ ፈቃደኛው የባለሙያውን ቦታ አይተካም፤ ባለሙያው ብቻውን ሊያደርግ የማይችለውን፣ በሺህ ዓይን ማየትን፣ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ዕድር ያደገበት አገር በጎ ፈቃድ ያለ ሥርዓት እንደማይቆም ከማንም በላይ ያውቃል። ድንኳን የሚተከለው፣ ወንበር የሚደረደረው፣ ሐዘንተኛ የሚጽናናው የሰፈሩ ሰው ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ተራ ስላለ፣ መዝገብ ስላለ፣ የቀረ ሰው ስለሚቀጣ፣ የገንዘቡ ጉዳይ የታወቀ ስለሆነ ነው። በጥምቀት ቀን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ለታቦቱ መንገድ የሚያስከፍቱ ወጣቶችም ሕዝቡ የሚሰማቸው ዱላ ስለያዙ ሳይሆን ልጆቹ ስለሆኑ ነው። የሙዚቃ ሜዳዎች በአሥርት ዓመታትና በብዙ ሕይወት ዋጋ የተማሩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ በአደባባይ ኮንሰርት፣ ታላቅ ሩጫ ወይም የሕዝብ በዓል ለምታዘጋጁ ሁሉ የሚቀርበው ጥሪ ግልጽ ነው። ጠባቂ ከመቅጠራችሁ በፊት የእርዳታውን ድንኳን ቦታ ወስኑ፣ ውሃውንም ከዚያ አቅርቡ። ከሰፈሩ ወጣቶች መካከል ሰው የማረጋጋትን ዘዴ የሚማሩትን ምረጡ፣ ተጠያቂ ሐኪም አቁሙላቸው፣ ድካማቸውንም በሚገባ መልሱ። ከሁሉም በላይ፣ ከመድረኩ ፊት ያለው ልጅ እጁን ሲያነሣ ሙዚቃውን ማን እንደሚያስቆም አስቀድማችሁ ተስማሙ።